የሞተር መጋዝ በግቢያችን



ስለ ልጅ አስተዳደግና ስለ ጎረቤት ሐቅ በሚጻፍበት ገጽ ላይ ስለ ሞተር መጋዝ መጻፋችን አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ያሰኝ ይሆናል። ነገሩ ግን የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ድሮ የሞተር መጋዝ የእንጨት ነጋዴና የጣውላ ፋብሪካ ዕቃ ነበር። ዛሬ ከውኃ ፓምፕና ከጀነሬተር ጎን ተደርድሮ ይሸጣል፤ ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመ አባወራም ገዝቶት ወደ ቤቱ ይገባል። ሻጩ «አላህ ይባርክልህ» ብሎ ይሸኘዋል እንጂ ስለ አያያዙ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው ብዙ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ የመጀመሪያውን መጋዛችንን ለመምረጥ ስንጠይቅና ስናነብ ያገኘነውን፣ ከገዛን በኋላም በእጃችን ያየነውን ልናካፍላችሁ ወደድን።

እኛ የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ነው። በቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት ፊዚክስ እናስተምራለን፤ ከመግሪብ በኋላ ደግሞ የሰፈሩን ልጆች ቁርኣን እናቀራለን። ግቢያችን ከታላቅ ወንድማችን ቤተሰብና ከእናታችን ጋር የጋራ ነው። በመካከሉ አባታችን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የተከሉት ትልቅ ኒም ቆሟል። የድሬዳዋን ሙቀት ለሚያውቅ ሰው ጥላ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቤት ውስጥ መተኛት ሲያቅተን አልጋ አውጥተን የምንተኛው ከዚሁ ኒም ሥር ነው።

ከዛፉ ትልልቅ ቅርንጫፎች አንዱ ደረቀ። ውፍረቱ የሰው ጭን ያህላል። የተዘረጋውም በእኛ ግቢ ላይ ሳይሆን በጎረቤታችን በአዴ ቆርቆሮ ላይ ነው። አዴ የሙት ልጆች የሆኑ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አሮጊት ናቸው። ልጆቹ የሚተኙትም በዚያው ቆርቆሮ ሥር ነው። ነፋስ በተነሳ ሌሊት ሁሉ ቅርንጫፉ ሲንቋቋ እየሰማን እንቅልፍ አጣን።

በመድረሳ ፊቅህ የተማረ ሰው ይህን ጉዳይ በሱልሕ ምዕራፍ ውስጥ ያገኘዋል። የአንዱ ሰው ዛፍ ቅርንጫፍ ወደ ጎረቤቱ ግቢ ወይም ጣሪያ ሲያልፍ ጎረቤቱ እንዲነሳለት የመጠየቅ መብት አለው። ባለዛፉ እምቢ ካለ ጎረቤቱ ቅርንጫፉን መልሶ ያጥፈዋል፤ የማይታጠፍ ከሆነም ይቆርጠዋል። አሊሞቻችን ስለ ቅርንጫፍ እንኳ ይህን ያህል መጨነቃቸው ያኔ በልጅነታችን ይገርመን ነበር፤ በራሳችን ሲደርስ ግን ምክንያቱ ገባን። አዴ ግን መብት ብለው አልመጡም። አንድ ቀን ከአስር ሶላት በኋላ በሩ ላይ ቆመው «ልጆቼ፣ ቅርንጫፉን አንሱልኝ፤ ዛፉን ግን አትንኩብኝ። ከቀትር በኋላ ጥላው የኔ ነው» አሉን።

ይህን ያሉት የወንድማችንን ሐሳብ ስለሰሙ ነው። ወንድማችን ኒሙ ከሥሩ ይቆረጥና በቦታው ሁለት የኪራይ ክፍል ይሠራ ባይ ነበር። የሞተር መጋዝ እንግዛ ያለውም እሱ ነው። ለመግዛቱ ሌላ ምክንያትም ነበረው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለች ትንሽ የአትክልት ቦታው ላይ ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃም ዛፍ ገብቶ አላስቀምጥ ብሎታል። ይህ ዛፍ በ1970ዎቹ ገደማ ለአፈር ጥበቃ ተብሎ ከውጭ የመጣ ሲሆን፣ በአፋርና በድሬዳዋ ዙሪያ ስንት የግጦሽና የእርሻ መሬት እንደዋጠ አርብቶ አደሩ ያውቃል። ስለዚህ መጋዙን በመግዛቱ ተስማማን። ያልተስማማነው ምን እንደሚቆረጥበት ነው።

በመጥረቢያ ዘመን እንዲህ ያለ ክርክር ጊዜ ነበረው። ትልቅ ዛፍ በመጥረቢያ ለመጣል ሁለት ጎልማሶች ግማሽ ቀን ይደክማሉ፤ በመካከሉ ሻይ ይጠጣል፣ ሽማግሌ ያልፋል፣ ሐሳብ ይለወጣል። የሞተር መጋዝ ግን አባታችን ከ30 ዓመት በፊት የተከሉትን በሩብ ሰዓት ይጥለዋል። በዚህ ምክንያት እኛ አንድ ነገር አጥብቀን ያዝን፤ መጋዙ ወደ ግቢ ከመግባቱ በፊት የሚቆረጠውና የማይቆረጠው ይወሰን አልን።

ድሬዳዋ ውስጥ ስለ ዛፍ መቁረጥ ሲወራ ደግሞ ደቻቱን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ ከላይ ከተራራው የወረደው ጎርፍ በደረቁ አሸዋ ላይ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ፈጀ፤ ቤትና ገበያ ጠራርጎ ወሰደ። ከተማው ላይ ያን ያህል ዝናብ ሳይጥል ያ ሁሉ ውኃ የመጣው ከደጋው ነው፤ የተራቆተው ተዳፋትም ውኃውን ሊይዘው አልቻለም። በእርግጥ የእኛ አንድ ኒም ጎርፍ አያቆምም። ይሁንና ያን ሌሊት ያየ የቀፊራ ሰው ዛፍ ሲወድቅ ልቡ ደንገጥ ይላል። ችግኝ ስለመትከል የመጣውን ሐዲስም በመድረሳ ሁላችንም ሐፍዘነዋል።

ክርክሩን የፈቱት እናታችን ናቸው። ለሁለት ሳምንት ዝም ብለው ሲሰሙ ቆይተው አንድ ማታ «ጥላ የሌለውን የቆርቆሮ ክፍል ድሬዳዋ ላይ ማን ይከራይሃል?» ብለው ወንድማችንን ጠየቁት። መልስ አልነበረውም። «አቦ፣ ይሁን!» አለ።

ወደ ምርጫው እንምጣ። መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ መጋዙ በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ቅርንጫፍ ለመመልመል ብቻ ከሆነ ጥሩ የእጅ መጋዝና ገመድ ይበቃል፤ ወይም ባለሙያ መጥራት ይረክሳል። እኛም የፕሮሶፒሱ ጉዳይ ባይኖር ኖሮ ባልገዛን ነበር።

ለመግዛት የወሰነ ሰው ሁለተኛው ጥያቄው መጠን ነው። ሻጮች ብዙ ጊዜ ትልቁን ያወድሳሉ። ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም ጠፍጣፋ ብረት እኛ ቤት «ምላስ» ብለነዋልና በዚሁ ስም እንቀጥል። ለቤት ሥራ ምላሱ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ እኛ 35ቱን መረጥን። ሞተሩ ከ35 እስከ 45 ሲሲ ሲሆን ክብደቱ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግድም ይሆናል። 50 ሳንቲ ሜትር ምላስና 60 ወይም 70 ሲሲ ሞተር ያለው ቀኑን ሙሉ ግንድ ለሚጥል ሠራተኛ የተሠራ ነው። ክንድ ሲደክም ምላሱ ይወርዳል፤ ምላሱ የወረደበት መጋዝ ደግሞ እግር ይፈልጋል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራም አለ። ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ነዳጅ መቀላቀል የለበትም፤ ለጠባብ ግቢ መልካም ነው። ግን ገመዱን ራሱ እንዳይቆርጥ፣ ዝናብም እንዳያገኘው መጠንቀቅ ያሻል። የመብራቱን መጥፋት ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለወንድማችን የአትክልት ቦታ ገመድ ስለማይደርስ እኛ የቤንዚኑን ወሰድን።

ሦስተኛው የሰንሰለት ፍሬን ነው፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም። የምላሱ ጫፍ፣ በተለይ የላይኛው ማዕዘን፣ እንጨት በነካ ጊዜ መጋዙ ወደ ላይና ወደ ያዘው ሰው ፊት ይስፈነጠራል። ሰንሰለቱ በሙሉ ኃይል ሲዞር በሰከንድ 20 ሜትር ያህል ይሮጣል። ለተማሪዎቻችን ወደ ሰዓት ለውጡት ብለን ሰጠናቸው፤ 72 ኪሎ ሜትር ሆነ። ከተማ መሐል በዚህ ፍጥነት የሚሄድ ባጃጅ ቢኖር እንኳ ዘወር ለማለት ጊዜ አይሰጥም፤ እንኳንስ ፊታችን አጠገብ የሚዞር ጥርስ። ለዚህ ነው ከፊት እጀታው በፊት የቆመው መከላከያ የተሠራው። በ1973 እ.ኤ.አ. የስዊድኑ ሁስቅቫርና በራሱ የሚይዝ የሰንሰለት ፍሬን አወጣ፤ ዛሬ ደህና የተባለ መጋዝ ሁሉ አለው። መደብር ውስጥ ሞተሩ ሳይነሳ መከላከያውን ወደፊት ግፉት፤ «ቀጭ» ብሎ መያዝ፣ ሰንሰለቱም በእጅ ሲጎተት እምቢ ማለት አለበት፤ ለመንካት ግን ጓንቲ አድርጉ። ወደኋላ ሲመለስ ይለቃል። ካልያዘ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ ሰላም ብላችሁ ውጡ።

አራተኛው መለዋወጫ ነው። ገበያው የታወቀ ስም በለበሱ፣ ግን አስመስለው በተሠሩ መጋዞች የተሞላ ነው። የጀርመኑን የስቲልን ቀለምና ቅርጽ ይዞ ስሙን በአንድ ፊደል ያዛነፈም አይተናል። እኛ ስሙን ትተን ካንዴላው፣ ሰንሰለቱና የአየር ማጣሪያው ድሬዳዋ ውስጥ ይገኛሉ ወይ ብለን ጠየቅን። ለእያንዳንዱ ዕቃ አዲስ አበባ መርካቶ የሚያስልክ መጋዝ ስድስት ወር ሠርቶ ስድስት ዓመት ይሰቀላል።

የመከላከያ ዕቃ ከመጋዙ ጋር አብሮ ይገዛ። መነጽር፣ የጆሮ መድፈኛ፣ ጓንቲ፣ ጠንካራ ጫማና ረጅም ሱሪ ያስፈልጋሉ። ጩኸቱ ከ100 ዴሲቤል ስለሚበልጥ ጆሮን ቀስ በቀስ ያደነቁራል። ለመጋዝ ሥራ ተብሎ የተሠራ የእግር መከላከያ ከተገኘ ደግሞ የበለጠ መልካም ነው። ሽርጥና ነጠላ ጫማ ለበርጫ እንጂ ለመጋዝ አይሆኑም።

ነዳጁ የሒሳብ ትምህርት ነው። እነዚህ ሞተሮች ባለ ሁለት ምት በመሆናቸው ዘይታቸውን የሚያገኙት ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ንጹሕ ቤንዚን ብቻ የጠጣ ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ ፒስተኑ ይነክሳል። መመሪያው 50 ለ1 ካለ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ለ5 ሊትር ጀሪካን 100 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ዘይት ይጨመራል። 25 ለ1 ካለ እጥፍ ነው። ይህን በዓይን ግምት ማድረግ አይገባም፤ የሽሮፕ መለኪያ ኩባያ ይበቃል። የመኪና ሞተር ዘይት አይተካውም። የተቀላቀለው ከአንድ ወር በላይ ባይቆይ ይመረጣል። በእኛ ሙቀት ጀሪካኑ ጥላ ውስጥ፣ ከምድጃና ከከሰል ርቆ ይቀመጥ፤ ሞተሩ ሳይበርድም ነዳጅ አይሞላ።

ሰንሰለቱ ደግሞ የራሱ ዘይት አለው። ሌላ ጎድጓዳ ውስጥ ይሞላና እየሠራ በምላሱ ላይ ይንጠባጠባል። ነዳጅ በተሞላ ቁጥር እሱም ይሞላ። መውጣቱን ለማወቅ የምላሱን ጫፍ ወደ ካርቶን አስጠግቶ፣ ሳያስነኩ፣ ሞተሩን ከፍ ማድረግ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ቀጭን የዘይት መስመር መታየት አለበት። አንዳንዶች ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ያደርጉበታል። የብረት ፍቅፋቂ ያለበት ከመሆኑም ሌላ ለቆዳ መጥፎ ነው፤ እኛ አንመክርም።

ከሁሉ ብዙ የተማርነው ከጥርሱ ነው። የዛሬው ሰንሰለት ጥርስ ታሪክ አለው። አሜሪካዊው እንጨት ቆራጭ ጆሴፍ ኮክስ በ1946 እ.ኤ.አ. አንድ የጥንዚዛ ትል ግንድ እየበላ ሲያልፍ አየ። ትሉ በሁለት መንጋጋው ግራና ቀኝ እየገመጠ ደረቅ እንጨቱን ያለ ችግር ይበሳል። ኮክስ ከዚያ ተነስቶ ጥርሶቹ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ የሚገምጡ ሰንሰለት ሠራ፤ በ1947ም ማምረት ጀመረ። ሱብሓነላህ! ስንት ሰው በእግሩ የጨፈለቀው ትል ለመሐንዲሶች መምህር ሆነ።

የተሳለ ጥርስ እንጨቱን ቁርጥራጭ አድርጎ ይተፋል፤ የዶለዶመ ዱቄት ያወጣል። ዱቄት ካያችሁ አትግፉት፤ ቁሙና ሳሉ። የሚሳለው በክብ ሞረድ ነው። የሞረዱ ውፍረት እንደ ሰንሰለቱ ዓይነት ይለያያል፤ ለብዙዎቹ ትንንሽ መጋዞች 4 ሚሊ ሜትር ነው። ምላሱን በሞርሳ አስይዞ፣ ሞረዱን በ30 ዲግሪ ማዕዘን ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ መግፋት፣ ለእያንዳንዱ ጥርስ እኩል፣ ለምሳሌ ሦስት ሦስት ጊዜ። የግራዎቹ ካለቁ በኋላ ዞሮ የቀኞቹን። አንዱ ወገን ከበለጠ መጋዙ እንደ ሰከረ ሰው ወደ ጎን ይሄዳል። ወንድማችን ይህን ሥራ ከእኛ ይበልጣል፤ ትዕግሥት የለህም ሲባል የኖረ ሰው ሞረድ ሲይዝ ሌላ ሰው ይሆናል።

ጥርስን ከምንም በላይ የሚገድለው አሸዋ ነው። የእኛ ሰፈር አፈር የደቻቱ አሸዋ በመሆኑ መሬት ላይ የተጋደመን ግንድ እስከ ታች መቁረጥ ማለት ሰንሰለቱን በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው። ግንዱን በሁለት እንጨቶች ላይ ከፍ አድርጎ ማጋደም ያድናል። ሌላው ጠላት ሚስማር ነው። የቀፊራ ዛፍ ሸራ ተወጥሮበታል፣ አምፖል ተሰቅሎበታል፣ የልብስ ገመድ ታስሮበታል። እኛ ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ባወጣነው ማግኔት ግንዱን ዳሰስን፤ ሰባት ሚስማርና አንድ የበር ማጠፊያ አወጣን። ማጠፊያው ምን ሊሠራ እዚያ እንደገባ እናታችንም አያስታውሱም።

ቅርንጫፉ የወረደው እሑድ ማለዳ ከፈጅር ሶላት በኋላ ነው። አዴና ልጆቹ ወደ እኛ ቤት መጥተው ቁርስ በሉ። የሞተሩን መጋዝ ግን ወደ ዛፉ አላወጣነውም። መሰላል ላይ ቆሞ ወይም ከትከሻ በላይ አንስቶ በሞተር መጋዝ መቁረጥ ከአደጋዎቹ ሁሉ የከፋው ነው። ዛፍ መውጣት የሚያውቅ ወጣት ራሱን በሕያው ቅርንጫፍ ላይ አስሮ በእጅ መጋዝ ቆረጠ። መጀመሪያ ከሥር ጥቂት፣ ከዚያ ከላይ፤ እንዲህ ካልሆነ ሲወድቅ ቅርፊቱን እየገሸለጠ ይወርዳል። እያንዳንዱን ቁራጭ በገመድ አስረን፣ ገመዱን በላይኛው ባላ አሳልፈን፣ ሦስት ሆነን ቀስ እያልን ወደ ግቢያችን አወረድን። የመጨረሻው አቆራረጥ ከግንዱ ጋር ልሙጥ እንዳይሆን፣ ቅርንጫፉ ከበቀለበት ካበጠው ቀለበት ትንሽ ወጣ ብሎ እንዲሆን አደረግን፤ ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋው በዚያ ነው። የአዴ ቆርቆሮ አንድም ጭረት አላገኘው። የሞተሩ መጋዝ የተነሳው ሁሉም መሬት ከደረሰ በኋላ ሲሆን በ20 ደቂቃ ማገዶ አድርጎት ጨረሰ። ማገዶው ለአዴ ሆነ። ከቀትር በፊት መጨረሳችንም ታስቦበት ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ከቀትር በኋላ ሞተር የሚያስነሳ ሰው ጎረቤቱን አያውቅም።

ፕሮሶፒሱ ሌላ ጉድ ነው። ከላይ ሲቆረጥ ከጉቶው በብዙ እጥፍ ያቆጠቁጣል። መጋዝ ብቻውን አያሸንፈውም፤ ግንዱን በመጋዝ ጥሎ ጉቶውን ከአፈር በታች በዶማ ቆፍሮ ማውጣት ያስፈልጋል። ወንድማችን እስካሁን የአትክልት ቦታውን ግማሽ አጽድቷል፤ አልሐምዱሊላህ።

ሥራ ሲያልቅ የሰንሰለቱ ውጥረት ትንሽ ይላላ፤ የሞቀ ብረት ሲበርድ ያጥራልና። የአየር ማጣሪያው በእኛ አቧራ በየጊዜው ይራገፍ፣ በሳሙና ውኃ ታጥቦ ሲደርቅ ይመለስ። ምላሱም ሰንሰለቱ በተሳለ ቁጥር ይገልበጥ፤ አንድ ወገኑ ብቻ እንዳይበላ ነው። ለወራት የማይሠራ ከሆነ ነዳጁ ይደፋ፤ ከዚያ ሞተሩ ተነስቶ በካርቡራተሩ ውስጥ የቀረውን እስኪጨርስ ይሥራ።

መጋዝ ያለው ቤት ተበዳሪ አያጣም። በዓሪያ ምዕራፍ እንደተማርነው በሻፊዒይ መዝሀብ የተዋሰ ሰው ዕቃው ከተፈቀደለት አጠቃቀም ውጭ ቢጠፋበት ይከፍላል። ግን ጣት ቢቆረጥ በምን ይከፈላል? ስለዚህ እኛ መጋዙን ከሰው ጋር እንጂ ብቻውን አናውስም። ጎረቤት ሲቸግረው ከሁለታችን አንዳችን መጋዙን ይዘን ሄደን እንቆርጥለታለን፤ ሻይ እንጠጣለን፤ ይዘነው እንመለሳለን።

መጋዙ የሚቀመጠው ቁልፍ ባለው ሳጥን ውስጥ ነው። ቁልፉ እናታችን መቀነት ላይ ነው። ወንድማችን ቁልፉን በጠየቀ ቁጥር «ምን ልትቆርጥ ነው?» ይሉታል፤ «ፕሮሶፒስ» ካለ ይፈቱለታል።